ፈቃድ የማይወጣውን ሰው ፈቃድ ላስወጣ

መነሻ

ወደ አርባ ምንጭ የሄድኩት አዞ ለማየት አይደለም። ስለ አዞ የሚጽፍ መንገደኛ ሞልቷል። እኔ የሄድኩት አንድን ሰው በግድ የዓመት ፈቃድ ላስወጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ትልቅ የመንግሥት ኮርፖሬሽን ዋና መሥሪያ ቤት፣ ፋይናንስ መምሪያ ውስጥ፣ የሒሳብ ቁጥጥር ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ መጠርጠር ነው፤ ደመወዝ የሚከፈለኝም ለዚሁ ነው። አንድ የክፍያ ወረቀት የአራት ሰው ፊርማና የሁለት ሰው ማኅተም ሳይኖረው እኔ ጋ አይደርስም፤ እኔ ደግሞ ከአራቱ አንዱንም አላምንም። መጥፎ ሰው ሆኜ አይደለም። ስድስተኛ ፎቅ ላይ ብዙ ዓመት የተቀመጠ ሰው እንዲህ ይሆናል።

በሙያችን ፈቃድ የማይወጣ ገንዘብ ያዥ ከሚሰክር ገንዘብ ያዥ የበለጠ ያስፈራል። የሚሰክረው ቢያንስ ይታያል። የሚያጎድል ሰው ግን ወንበሩን ለቅቆ መሄድ አይችልም፤ ሌላ ሰው ለአንድ ሳምንት ቢቀመጥበት ጉዱ ይፈላል። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፦ ፈቃድ የማይወጣውን አስወጣው፣ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው አስቀምጥ፣ ከዚያ ጠብቅ።

የአርባ ምንጭ ቅርንጫፍ ገንዘብ ያዥ አቶ ማርቆስ ፈቃድ ከወጡ ዓመታት አልፈዋል። ፈቃዳቸው በየዓመቱ ይቃጠላል፣ እሳቸው ትንፍሽ አይሉም። የመምሪያችን ኃላፊ አቶ ግርማ ቢሯቸው ጠርተው ጉዳዩን ነገሩኝ።

“ጸዳለ፣ ሂጂና ፈቃድ አስወጪው። ወንበሩ ላይ ተቀምጠሽ ሁለት ሳምንት ሥሪ።”

“ከሐዋሳ ቅርንጫፍ አንድ ሰው ቢሄድስ? ለእነሱ ይቀርባቸዋል።”

“ካንቺ በላይ የማምነው የለኝም” አሉኝ።

አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። እኔ ራሴም ፈቃድ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ የእኔ ግን ሌላ ነው፤ ሥራዬን ስለምወድ ነው። የጠረጴዛዬንና የፋይል ሳጥኔን ቁልፍ እንደ ደንቡ ለአቶ ግርማ ጸሐፊ አስፈርሜ አስረከብኩ፤ ውሎ አበሌን ተቀበልኩ፤ ሻንጣዬንም ቆለፍኩ።

መንገድ

ወሩ ነሐሴ ነው፣ ሚሊኒየሙ ከተከበረ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ገና ሳይነጋ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። ረዳቱ ሻንጣዬን ወደ ጣራ ሲወረውር አሥር ብር ጠየቀኝ።

“ደረሰኝ ስጠኝ” አልኩት።

በመስኮት ያዩ ተሳፋሪዎች ሁሉ ሳቁ። ረዳቱ ግን አልሳቀም፤ ከላይ እስከ ታች አየኝና “ከገቢዎች ነሽ እንዴ?” አለኝ። አይደለሁም ብዬ ብነግረውም አላመነኝም። ቡታጅራ እስክንደርስ ከሹፌሩ ጋር እየተንሾካሾኩ ወደ እኔ ያዩ ነበር። መጠርጠርን እንጂ መጠርጠርን... ማለቴ ሰውን መጠርጠርን እንጂ ራሴ መጠርጠሬን አልለመድኩትም፤ አናደደኝ።

ሆሳዕና ምሳ በላን፦ ጥብስ ሠላሳ ብር፣ ለስላሳ ስድስት። ከሶዶ በኋላ መንገዱ እየተሠራ ስለነበር አውቶቡሱ ከአስፋልት ይልቅ በጎኑ ባለው ኮረኮንች ላይ ሲንገጫገጭ ዋለ፤ አቧራው የተዘጋውን መስኮት አልፎ ይገባል። ወደ ማታ ግድም በግራ በኩል አባያ ብቅ አለ። ውኃው የወተት ሻይ ይመስላል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት፣ የጫኖ ሴት ናቸው፣ ሐይቁ ሁልጊዜ መልኩ እንዲህ መሆኑን ነገሩኝ። ጫኖ ላይ ሲወርዱ ከዘንቢላቸው አንድ እጅ ሙዝ አውጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

“ስንት ነው?” አልኳቸው።

“ስጦታ ነው፣ ልጄ። ጌታ ይባርክሽ።”

ሲወርዱ አይቼ ሙዙን አገላበጥኩት። ለምን ሰጡኝ? የሚፈልጉት ነገር ይኖር ይሆን? ከዚያ በላሁት፤ በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠ ሙዝ በልቼ አላውቅም።

ሲቀላ

ሲቀላ የአርባ ምንጭ ታችኛው ከተማ ነው። ገበያው፣ መናኸሪያው፣ ሱቁ ሁሉ እዚያ ነው፤ ባጃጅ እንደ ዝንብ ይርመሰመሳል። ሰው ሁለት ሁለት ብር እየከፈለ ይሳፈራል። አልጋ በሰማንያ ብር ያዝኩ፤ እራት አሳ ለብለብ በላሁ። አስተናጋጇ አሳው ዛሬ የወጣ ነው አለችኝ። እኔ የትናንት ነው ብዬ ነበር፤ ቀምሼ ግን ዝም አልኩ።

በማግሥቱ ቅርንጫፉ ስገባ አቶ ማርቆስ ከወንበራቸው ተነሥተው ቆሙ። ሃምሳ ዓመት ግድም የሆናቸው፣ ቀጫጫ፣ በዚያ ሙቀት ከረባት ያሰሩ ሰው ናቸው። ለምን እንደመጣሁ አልጠየቁኝም። ያልጠየቀ ሰው ደግሞ አንድም ያውቃል፣ አንድም ይፈራል።

ካዝናውን አብረን ቆጠርን። ልክ ነው። ደረሰኞቹን፣ የባንክ ወረቀቶቹን አየሁ። ልክ ነው። ይህን ስላችሁ ደስ ያለኝ እንዳይመስላችሁ፤ ሁሉ ነገር ልክ ሲሆን ይከፋኛል። ሰው ስለሆነ የትም ቦታ ትንሽ ስህተት ይኖራል፤ ስህተት የሌለው ሥራ የተዘጋጀ ሥራ ነው እላለሁ።

“ከነገ ጀምሮ የዓመት ፈቃድ ላይ ነዎት” አልኳቸው። “እስክመለስ ድረስ እዚህ ቢሮ አይገቡም። ማለቴ እስክሄድ ድረስ።”

ፊታቸው አመድ መሰለ። “ወይዘሮ ጸዳለ” አሉ ቀስ ብለው፣ “ሌላ ቅጣት የለም?”

“ፈቃድ ቅጣት ነው እንዴ?”

ቁልፉን አስረክበው ወጡ። እኔም ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩና በልቤ ‘ያዝኩህ’ አልኩ።

ከቢሮው ፊት ለፊት

በማግሥቱ ጠዋት መስኮቱን ስከፍት አቶ ማርቆስ ከመንገዱ ማዶ፣ ሱቅ ደጃፍ ባለ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ከረባታቸውን እንዳሰሩ ናቸው። በምሳ ሰዓትም እዚያው ናቸው። ቢሮው ሲዘጋ ተነሥተው ሄዱ። በሁለተኛውም ቀን፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። የቅርንጫፉ ጸሐፊ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ “ገረሴ ላይ ፎቅ ሠርቷል ይባላል” አለችኝ። አይታው ታውቅ እንደሆነ ስጠይቃት፣ ገረሴ ሄዳ እንደማታውቅ ነገረችኝ። እኔ ግን ‘ፎቅ’ የሚለውን ቃል ይዤ ቀረሁ። ገረሴ ከአርባ ምንጭ በላይ በደጋው ያለች የአቶ ማርቆስ አገር ናት።

በአራተኛው ቀን አግዳሚው ላይ አጣኋቸው። ስኳር የምገዛ መስዬ ሱቁ ገባሁ። ባለሱቁ አቶ ከድር ይባላሉ፤ ከስልጤ መጥተው ሲቀላ የከበሩ ጅምላ ነጋዴ ናቸው። ከጀርባቸው የመጋዘኑ በር ተከፍቶ አቶ ማርቆስ ውስጥ ይታያሉ። አንድ ነገር ያራግፋሉ። አንገቴን አስግጌ አየሁ፦ ብርድ ልብስ፣ ጃንጥላ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ ራዲዮ፣ ቡትስ ጫማ፣ ባለ ሁለት እጀታ መጋዝ፣ ተደራርቦ እስከ ጣራ።

አቶ ማርቆስ ሲወጡ ጠብቄ ባለሱቁን ያዝኳቸው። “ያ ሁሉ ዕቃ የማን ነው?”

“የማርቆስ።”

“ይነግዳሉ?”

“ማርቆስ? ኧረ ወላሂ አይነግድም!” ሳቁ አቶ ከድር። “መስቀል ሲደርስ በየዓመቱ ለአገር ቤት ብሎ ይገዛል። መስቀል ያልፋል፣ ዕቃው ይቀራል። ‘ፈቃድ ከለከሉኝ’ ይለኛል። እኔ ደግሞ የመጋዘን ኪራይ አልጠይቀው፤ ጎረቤት ነው።”

“ማን ነው ፈቃድ የከለከላቸው?”

አቶ ከድር በሚዛናቸው ላይ ስኳሩን እያፈሰሱ ቀና ብለው አዩኝ። “እናንተ ናችሁ እንጂ ሌላ ማን ነው?”

አናቴ ላይ የወጣው ደም እስካሁን ትዝ ይለኛል። ማንም ከልክሏቸው አያውቅም፤ እንዲያውም ውጡ ተብለው በደብዳቤ ተጠይቀዋል። ታዲያ ይህ ሰው ለምን ይዋሻል? ሸቀጡ የተገዛው በምን ብር ነው? ካዝናው ልክ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሱም ቢሆን አላሳረፈኝም።

ነገሩን ለመንገር አዲስ አበባ ደወልኩ፣ በራሴ የጠረጴዛ ስልክ ቁጥር፤ አጠገቤ ያለችው ባልደረባዬ ታነሣዋለች ብዬ ነው። የማላውቀው ወንድ “አቤት” አለ። ማን ልበል ስለው ዘጋው። መስመሩን ጠረጠርኩ። ወደ አቶ ግርማ ስደውል ደግሞ ሳይሰሙኝ “አትቸኩዪ፣ ጥቂት ቀን ጨምሪ” አሉኝ። እንደዚህ ተጨንቀው አያውቁም፤ የተጨነቁት ስለ አርባ ምንጭ መሰለኝ።

አርብ ዕለት መንገዱን ተሻግሬ አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

“አቶ ማርቆስ፣ ፈቃድዎን እዚህ ነው የሚጨርሱት?”

“ሌላ የት ልሂድ?”

“ገረሴ።”

ባጃጅ ሲያልፍ፣ ሌላ ባጃጅ ሲያልፍ ያያሉ። “እሄዳለሁ” አሉ በመጨረሻ። “ነገ እሄዳለሁ።”

“እኔም አብሬዎት እመጣለሁ። አገሩን አይቼው አላውቅም።”

አገሩ አላጓጓኝም፤ ፎቁን ለማየት ነው የፈለግኩት። እሳቸው እንደሚከለክሉኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ግን “ይምጡ” አሉኝ። “እርስዎ ካሉ ይሻል ይሆናል።” ለምን እንደሚሻል ግን አልነገሩኝም። ሌሊቱን ይህን ሳመነዥግ አደርኩ።

ወደ ደጋው

ቅዳሜ ጠዋት የአቶ ከድር መጋዘን ባዶ ሆነ። ዕቃው ሁሉ አይሱዙ ላይ ተጫነ፤ እኛም ጋቢና ተሳፈርን። በኮንሶ መንገድ ትንሽ ሄደን ወደ ቀኝ፣ ወደ ተራራው ታጠፍን። ከታች ጫሞ ሐይቅ ይታያል፤ ሙዙ እየቀረ እንሰትና ቀርከሃ መጣ፤ ሙቀቱ እየቀረ ጉም መጣ። ጭቃው ላይ መኪናው ወደ ገደሉ ሲንሸራተት ሹፌሩ ይዘምር ነበር፤ የሚዘምረው መዝሙር መሆኑ አላጽናናኝም።

አቶ ማርቆስ ከረባታቸውን ገና ቆላው ላይ፣ ሸሌ የምትባል መንደር ስንደርስ ፈትተው ኪሳቸው ከተው ነበር። ገረሴ ስንቃረብ መልሰው አሰሩት።

ገረሴ ገበያ ነበር። ድንች፣ ገብስ፣ ሽንኩርት፣ የቀርከሃ ምንጣፍ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ፎቅ የለም። ከከተማዋ ወጥተን በእግር ስንሄድ መንገደኛው ሁሉ እየቆመ አቶ ማርቆስን ይስማል፤ ከዚያ ወደ እኔ ያይና በጋሞኛ አንድ ነገር ይላል። ዕቃውን የተሸከሙልን ጎረምሶች ከኋላ ይከተሉናል።

“ምንድን ነው የሚሉት?” አልኩ።

“ሰላምታ ነው።”

“ለሰላምታ ረዘመ።”

አንድ ግቢ ደረስን። ሁለት የሣር ቤቶች አሉ፣ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። በደጁ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል፤ ፊታቸው የአቶ ማርቆስ ፊት ነው፣ ፀሐይ የመታው ብቻ። ታላቅ ወንድማቸው አቶ ኦልታዬ ናቸው። ወንድማማቾቹ አልተጨባበጡም። አቶ ኦልታዬ አቶ ማርቆስን አልፈው ወደ እኔ መጡ።

“እንኳን ደህና መጣህ” አሉኝ። በዚያ አገር አማርኛ ወንድና ሴት ሲቀላቀል አይገርምም። “አንተ ነህ ወንድሜን ፈቃድ የከለከልከው?”

ሴት ልጃቸው አልማዝ፣ ገረሴ አስተማሪ ናት፣ ፈጥና ወንበር አቀረበችልኝ። ወሬው ቀድሞን ደርሶ ነበር፤ የአዲስ አበባዋ አለቃ ራሷ መጣች ተብሏል። ወዲያው ሽማግሌዎች አንድ በአንድ መግባት ጀመሩ። የአገሩ እርቅ የሚፈጸመው ዱቡሻ በሚባለው የአደባባይ ሜዳቸው ላይ ነው፤ እዚያ ሴት መቀመጥ ስለማይለመድ ግን ለእኔ ሲሉ ግቢው ሣር ላይ ተቀመጡ።

አልማዝ በጆሮዬ አስረዳችኝ። አባቷና አጎቷ ከተጣሉ አምስት መስቀል አልፏል። ሽማግሌዎቹ በየዓመቱ ለእርቅ ይጠሯቸዋል፤ አጎቷም በየዓመቱ ‘መሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ከለከለኝ’ እያሉ ይልካሉ። የተጣላ ሰው ካልተገኘ እርቅ የለም፤ ወንድማማቾች ሳይታረቁ ደግሞ መስቀል አብረው አይበሉም። “ስለዚህ የሁለት ሰው ጠብ የሚበርደው በእናንተ እጅ ነው ብለው ያምናሉ” አለችኝ።

ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የገፉት ተነሡ። ከመሬቱ እርጥብ ሣር ነጭተው በሁለት እጃቸው ያዙና ፊቴ ተንበረከኩ። ሌሎቹም ተከትለው ተንበረከኩ። ያን ያህል ዕድሜ ያለው ሰው ተንበርክኮልኝ አያውቅም፤ ልነሣ ስል አልማዝ ክንዴን ያዘችኝ።

“ልጄ፣” አሉ፣ እሷ እየተረጎመች፣ “ጥፋት ካለበት እኛ እንካስ። ይህን ሰው አትከልክይው። ወንድሙ እያረጀ ነው።”

አቶ ማርቆስን አየኋቸው። ዓይናቸው መሬት ላይ ነበር፤ ከረባታቸውን በጣታቸው ይጠቀልላሉ። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ገባኝ፤ አግዳሚው፣ መጋዘኑ፣ ‘ሌላ ቅጣት የለም?’ ያሉት። ሌብነት አልነበረም። ወደ ቤት መሄድ የፈራ ሰው መሥሪያ ቤቱን ጋሻ አድርጎ ኖሯል። እኔ አፌን ብከፍት፣ ‘ማንም አልከለከላቸውም’ ብል፣ እኚህ ሰው በአገራቸው ፊት ዋሾ ሆነው ይቀራሉ፤ ወንድምም፣ ቤትም፣ ስምም የላቸውም።

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ያላየሁትን ነገር ፈርሜ አላውቅም። እዚያ ግን ፈረምኩ፣ በአፌ።

“ጥፋቱ የእኛ ነው” አልኩ። “በኮርፖሬሽኑ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከእንግዲህ አንከለክላቸውም።”

ሽማግሌው ሣሩን ሰጡኝና ለምርቃት እጃቸውን ዘረጉ። ይሄኔ አቶ ማርቆስ ተነሡና በጋሞኛ ጮክ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። እጆች ሁሉ ወረዱ። ከዚያ ለእኔ ሲሉ በአማርኛ ደገሙት።

“እሷ ለእኔ ብላ ዋሸች። ፈቃድ የከለከለኝ የለም። እኔ ነኝ የፈራሁ።”

አልማዝ ደንግጣ ነበር፤ ቢሆንም ነገረችኝ። በተደበቀ ነገር ላይ ምርቃት አይወርድም፤ ቢወርድ ጎሜ ይሆናል፣ ማለትም ነውሩ ሕመምና ሞት ይዞ በቤተሰቡ ላይ ይመጣል ብለው ያምናሉ። አጎቷ ዝም ቢሉ ዕዳው በወንድማቸው ልጆች ላይ ነበር።

ከዚያ አቶ ማርቆስ ሁሉንም አወሩ። ከአምስት ዓመት በፊት ለመስቀል ሲመጡ ወንድማቸው የአባታቸውን የእንሰት ጓሮ ድንበር የገፉባቸው መሰላቸው። ማንንም አልጠየቁም። ሲቀላ ገዝተው የመጡትን ረጅም ሜትር አውጥተው፣ ጎረቤት እያየ፣ በወንድማቸው ጓሮ መሐል ዘርግተው ለኩ።

“እንደ ቢሮ መሰለኝ” አሉ። “ለካሁ። አንድ ስንዝር አልጎደለም። ቀና ስል ሰው ሁሉ ቆሞ ያየኛል። ወንድሜ ምንም አላለኝም፤ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ በኋላ እንዴት ልምጣ?”

ሁሉም ወደ አቶ ኦልታዬ ዞረ። እሳቸው ሳይቸኩሉ በአማርኛ ተናገሩ፤ ዓይናቸው ግን ወንድማቸው ላይ ነው።

“ልጄ አስተማሪ ናት፣ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። ፈቃድ እንዳለ አላውቅም? ከመጀመሪያው ዓመት አውቃለሁ። አንተ ራስህ እስክትናገር ነው የጠበቅኩ።” በእጃቸው ወደ ትንሹ ቤት አመለከቱ። “ያ የማን ቤት ነው? በየዓመቱ ሣሩን ማን ይለውጣል?”

ቤቱን አየሁት። ክዳኑ አዲስ ነው፤ ገና ቢጫነቱ አልጠፋም። ፎቅ የተባለው ይህ ነው። አቶ ማርቆስ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ፤ እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ ሰዎቹ አልጠየቁኝም።

ምርቃቱ ረጅም ነበር። ከዚያ ሁለቱ ከአንድ ገበታ ቆጮ በዳጣ ተጎራረሱ። የዳጣው በርበሬ ዓይን ያስለቅሳል፤ ለሁላችንም ጥሩ ምክንያት ሆነን። የአምስት ዓመት ብርድ ልብስና ጃንጥላ ተዘረገፈ፤ አቶ ኦልታዬ አምስት ጃንጥላ ምን ያደርግልኛል እያሉ ሳቁባቸው። ስሰናበት ለመስቀል እንድመጣ አስማሉኝ። አቶ ማርቆስ እዚያው ቀሩ፤ ፈቃዳቸው ገና ነበር።

ሲቀላ የቀረኝን ቀን ጨርሼ ሪፖርቴን ጻፍኩ። ‘ጉድለት የለም’ የሚል ሪፖርት ስጽፍ ሳይከፋኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ቤት

አዲስ አበባ ስድስተኛ ፎቅ ስወጣ ሙዝ ይዤ ነበር። ባልደረባዬ ሳመችኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችኝም። ወደ ጠረጴዛዬ ስሄድ አንድ የማላውቀው ሰው ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። የፋይል ሳጥኔ ተከፍቷል። ወንበሩ በቁመቱ ልክ ከፍ ተደርጓል።

ሰውዬው ተነሥቶ ቆመ። “ወይዘሮ ጸዳለ? ከውስጥ ኦዲት ነኝ” አለ በትሕትና። “ጨርሻለሁ። ሁሉም ልክ ነው።”

ድምፁን አወቅሁት፤ በስልክ ‘አቤት’ ያለኝ ነው። ‘ሁሉም ልክ ነው’ ሲል ፊቱ ላይ ያለውንም አወቅሁት፤ ከፍቶታል። እኔም አቶ ማርቆስን ያየኋቸው በዚያው ፊት ነበር።

ሐዋሳ ሰው እያለ እኔ ለምን እንደተላክሁ፣ ቁልፌን ለምን እንዳስረከብኩ፣ አቶ ግርማ ለምን ጥቂት ቀን ጨምሪ እንዳሉኝ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። ሙዝ የሰጡኝን እናት፣ አሳውን፣ የስልክ መስመሩን ሳይቀር ስጠረጥር፣ የተላክሁበትን ጉዞ አልጠረጠርኩም። ፈቃድ የማይወጣው ሰው እኔም ነበርኩ። ዕፍረቱ ከእግሬ እስከ ራሴ ወጣ፤ ምንም ሳላጠፋ። በወንድም ጓሮ የተዘረጋ ሜትር ምን እንደሚያም ያን ዕለት አወቅሁ።

አቶ ግርማ ቢሮ ገባሁ። ይቅርታ የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር።

“ደንብ ነው፣ ጸዳለ” አሉ። “ብነግርሽ ምን ትርጉም አለው?”

እውነታቸውን ነው፤ እኔም ለአቶ ማርቆስ አልነገርኳቸውም። አልተከራከርኩም። ቁልፌን ሊመልሱልኝ ሲዘረጉ ግን አልተቀበልኩም። ከጸሐፊያቸው የፈቃድ ቅጽ ጠይቄ እዚያው ፊታቸው ሞላሁት፦ የዓመት ፈቃድ፣ ከመስቀል በፊት ጀምሮ። ቅጹ ግርጌ ላይ ‘በፈቃድ ላይ ሳሉ የሚገኙበት አድራሻ’ የሚል መስመር አለ። ጻፍኩና ሰጠኋቸው።

ብዕራቸውን አንሥተው ሊፈርሙ ነበር። አድራሻው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እንደገና አነበቡት።

“ገረሴ?” አሉ። “ይህ የዚያ ገንዘብ ያዥ አገር አይደለም?”

“ነው። ለበዓል ጠርተውኛል።”

“እነማን?”

“እሳቸውና ወንድማቸው።”

አቶ ግርማ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ‘ጉድለት የለም’ ያልኩበትን ሪፖርት ከጎን ሳብ አድርገው ከቅጹ አጠገብ አስቀመጡት፤ አንዴ ይህን አንዴ ያንን አዩ። ከዚያ ብዕራቸውን ከደኑ።

ፊርማው እስኪመጣ ብዙ ቀን ጠበቅሁ። አልተቀየምኳቸውም። ከዚያ ጉዞ በፊት ቢሆን ኖሮ እኔም አልፈርምም ነበር።